ትዝታ ስለ ዛሬ የሚነግረን፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይሻገራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ወርዳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ሞቃት ከተማ ናት። ማለዳ የሚነሳው ሚኒባስ ሲሞላ መስኮቶቹ በትንፋሽ ይደበዝዛሉ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን እስከ አገጩ ስቦ ይቀመጣል። ሐረጎ ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፣ ጉሙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖራል። በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ተመላልሻለሁ። ወሬ የሚደራው ብርዱ ሳይለቅ፣ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር እንደሆነ፣ ወሬውም አብዛኛውን ጊዜ «ድሮ» ብሎ እንደሚነሳ ልብ ብያለሁ። ድሮ ደሴ እንዲህ አልነበረችም፤ ድሮ ጎረቤት ማለት ዘመድ ነበር፤ ድሮ ፒያሳ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው የማያውቀው ፊት አያይም ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ በየዘመኑ የነበረ ቢሆንም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን በሁለቱ ከተሞች እጅግ በርትቷል፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ ቤተሰብ በሩን ቆልፎ፣ ልጅ አዝሎ ወጥቷል፤ ሲመለስም ትቶት የሄደውን ቤት እንደተወው አላገኘውም። የደሴ ሙዚየም ቅርሶቹ ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጥቶ መንገዶች ሲሰፉ፣ ሰዎች ተቀምጠውባቸው ያረጁ ደጃፎች እየፈረሱ ነው። ወደ ዓረብ አገር የተሰደዱት ልጆቻችን በየስልካቸው የድሮዋን ደሴ ፎቶግራፍ እየተቀባበሉ «ይህ ቦታ ትዝ ይላችኋል?» ይባባላሉ። ትዝታ በእኛ ከተሞች ከዘፈን ማድመቂያነት አልፎ የየዕለት ጉዳይ ሆኗል። አንዳንዱ ይህን ሲያይ «ሕዝቡ ወደ ኋላ እያየ መራመድ አቃተው» ብሎ ይሰጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ትዝታውን እንደ መጨረሻ ሀብቱ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል፤ ሰው በትዝታው የሚያነሳቸው ነገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በእጁ በነበሩበት ጊዜ ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው ተራ ነገሮች ናቸው። ይህን ልብ ካልን ትዝታ ስለ ዛሬ ብዙ የሚነግረን ይኖረዋል።

ቋንቋችን ራሱ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ነገር አለ። «አስታወስኩ» ስል የማስታወሱን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ትዝ አለኝ» ስል ግን ሥራው የእኔ አይደለም፤ ነገሩ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ወደ እኔ መጥቷል፣ እኔ የመጣብኝ ሰው ብቻ ነኝ። «ናፈቀኝ»ም እንዲሁ ነው። ናፍቆትና ትዝታ ግን ይለያያሉ፤ ናፍቆት ሊመለስ የሚችለውንም ይጨምራል፣ ነገ ከሳዑዲ የምትመጣ እህት ትናፈቃለች። ትዝታ ግን ያ ነገር በነበረበት መልክ እንደማይመለስ ከተቀበሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የሚያመጣውም ትንሽ ነገር ነው። እርጥብ ቄጤማ ሲሸት፣ ከሩቅ የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ፣ ክረምት ሲገባ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንኳኳ ይመጣል። ትልልቆቹን ቀኖች፣ ሠርጉንና ምረቃውን፣ አስበን እናስታውሳቸዋለን፤ ሳናስበው ትዝ የሚለን ግን ስም የሌለው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

የሕክምናው ዓለም ይህን ስሜት ለረጅም ጊዜ እንደ በሽታ ነበር የሚያየው። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚከሱና የሚጠወልጉ ሰዎችን ሁኔታ ለመግለጽ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስያሜ ፈጠረ። በሽታ ነው የሚለው አመለካከት ለትውልዶች ከቆየ በኋላ፣ በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ እነ ኮንስታንቲን ሰዲኪደስና ቲም ዊልድሹት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጧቸው ጥናቶች ነገሩን ገለበጡት። ሰው ትዝታ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ብቸኝነት ወይም ሐዘን ሲጫነው ነው፤ ከትዝታው ሲወጣ ግን ከሰዎች ጋር የተሳሰረና ሕይወቱ ትርጉም ያላት መሆኗ ይበልጥ ይሰማዋል። በትዝታ ታሪኮች ውስጥ ባለታሪኩ ብቻውን አይገኝም፤ ዙሪያው ሰው አለ።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱ ለደሴ ሰው ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች በቀዝቃዛ ቀን ትዝታ ይበልጥ እንደሚመጣባቸው፣ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል የተቀመጡትም 24 እና 28 ዲግሪ በሆኑ ክፍሎች ከተቀመጡት በላይ በትዝታ እንደሚዋጡ አይተዋል፤ በትዝታ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ያለበትን ክፍል ከሌላው ይልቅ ሞቅ ያለ አድርጎ ይገምተዋል። ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ የማለዳ ሚኒባስ ነው። መንገደኛው የድሮ ወሬውን ደሴ ላይ ጀምሮ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚያቆመው የጋቢ ያህል እየተከናነበው ኖሯል ብዬ ለራሴ አሰብኩ፤ ይህን ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ያን ወሬ በትዕግሥት እሰማዋለሁ።

ስለ ትዝታ በወሎ ምድር ሲጻፍ ቅኝቱን ማለፍ አይቻልም። ከአራቱ ዋና ዋና የአገራችን ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከአምባሰል፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ለኔ፣ የሁለቱ ስም የእኛው አካባቢ የቦታ ስም ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ይገኛሉ። ትዝታን ብዙ ሰው የአንድ ዘፈን ስም አድርጎ ያስበዋል። ባለ ክራሩ ግን አስቀድሞ የሚያውቀው አምስት ድምፆች ያሉት የክር አወጣጥ መሆኑን ነው፤ ግጥሙ በየአዝማሪው፣ በየዕለቱ፣ ቤቱ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ልክ ይለዋወጣል፣ ቅኝቱ ግን ባለበት ይቆያል። «ቅኝት» የሚለው ቃልም ክር ማስተካከልን ብቻ አይናገርም፤ አገር ቃኘ፣ አካባቢ ቃኘ እንላለን፣ ዙሪያን በዓይን አጥብቆ መመልከት ማለት ነው። ክሩን የሚያስተካክለውና ዙሪያውን የሚመለከተው በአንድ ቃል መጠራታቸው ለእኔ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ይናገራል። በትዝታ የተቃኘ ሰው ትናንትን በሚያይበት ዓይን ዛሬንም ማየት ይችላል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ትዝታ ያጣራል። «ደጉ ዘመን» የምንለው የትኛው ዘመን ነው? ደሴ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ተደብድባለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ፣ ኋላም የ1977ቱ ድርቅ፣ ከገጠር ወደ ከተሞቹ የጎረፈውን ሕዝብ በመንገድ ዳር ጥለውታል። ያን ጊዜ የነበሩ አባቶችና እናቶች ስለዚያ ሲጠየቁ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ «እሱን ተወው» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ወጣት ያልኖረበትን ዘመን በፎቶግራፍ አይቶ ሲናፍቅ፣ ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረው ብዙ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ሌኒንግራድ ተወልዳ በሃርቫርድ ታስተምር የነበረችው ምሁር ስቬትላና ቦይም ሁለት ዓይነት ትዝታ እንዳለ አስረድታለች፤ አንዱ ያለፈውን ዘመን መልሶ ሊገነባ የሚሻ፣ ሌላው ባለፈው ላይ የሚያሰላስል ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ይጠገን፣ ይጠበቅ ማለት ተገቢ ነው፤ ማንንም ሳይጠየፍ ያበላል ተብሎ የተሰየመ የግብር አዳራሽ ለደሴ ሰው ከድንጋይና ከእንጨት በላይ ነው። ግብሩ የነበረበት ዘመን ይመለስልን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን እልፍኝና ደጅ ነበሩ፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የደጁ ልጆች ነን።

ወደ ተራው ነገር ልመለስ፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ ቡና ስታፈላ ጎረቤት መጥራት የእኔ ሥራ ነበር። ሥራው የሚመጣው ሁልጊዜ ጨዋታ በሞቀበት ሰዓት ነው። ብዩ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ከቤት ድምፅ ይወጣል፤ «ሂድና ቡን ኑ በላቸው!» የምዞረው አራት ደጃፍ ነበር። ከበላያችን ያሉት እናት ዓይናቸው ስለደከመ እጃቸውን ይዤ ቦዩን አሻግራቸዋለሁ። ሁለቱን ቤት በር ሳልገፋ ከውጭ ጮኼ እሮጣለሁ። የመጨረሻው ቤት ውሻ ስላለ ድንጋይ ላይ ቆሜ እጣራለሁ። ተመልሼ ስመጣ እናቴ ታውቃለች፤ «ገብተህ ሰላም ሳትል ጠራሁ አትበለኝ» ብላ መልሳ ትልከኛለች። ሁሉም ከተሰበሰቡ በኋላ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ይዞራል፣ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት እናት እጃቸውን ዘርግተው ዱኣ ያደርጋሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። ረመዳን ሲገባ ከአራቱ ደጃፎች ሁለቱን በቀን አልጠራም፤ ቡናው ከማፍጠሪያ በኋላ ወደ ማታ ይዛወራል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የቡና ቁርሱ ቅቤ አይነካውም። የሁለቱን ሃይማኖት የጾም ወቅት ለይቼ ያወቅሁት ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት በዚያ ዙረት ነው።

ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ጨዋታዬን የሚያቋርጥ ጣጣ ነበር፤ በፍጹም አልወደውም ነበር። አሁን ግን ከልጅነቴ ሁሉ ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። በዚያ ዙረት ማን እንደታመመ፣ ማን ሐዘን ላይ እንደተቀመጠ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር በካሴት ድምፅዋን እንደላከች አውቅ ነበር፤ ማወቄን ግን አላውቅም ነበር። ሰው አደገ የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ይመስለኛል፤ ነገሩ ያው ነው፣ ቡናውም ደጃፉም አልተለወጠም፣ ያየው ሰው ግን ሌላ ሆኗል። አሚት ባታቻርጂና ካሲ ሞጊልነር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ወጣቶች ደስታን ከተለየ ክስተት እንደሚያገኙ፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን ተራው የዕለት ነገር ከተለየው ክስተት እኩል ደስታ መስጠት እንደሚጀምር አሳይተዋል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የቀረን ጊዜ አጭር መስሎ ሲታይ ዓይን ወደ ቅርቡ ነገር መመለሱን ነው። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ደሴ ላይ፣ በ2014 ዓ.ም. መንገድ ላይ ያደሩ ልጆች ይህን ለማወቅ እርጅናን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ከስደት ተመልሰው ምድጃቸው ላይ ጀበና ሲጥዱ ያለቀሱ የሃያ ዓመት ልጆችን አይቻለሁ።

በዚያው በ2014 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቲንግ ዣንግና ባልደረቦቿ ያደረጉት ሌላ ጥናት ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖኛል። ተማሪዎች በበጋ ዕረፍታቸው መግቢያ የቅርብ ጊዜ ወሬያቸውን፣ ሰሞኑን የሚያዳምጡትን ሙዚቃ፣ የመጨረሻውን የጓደኛ ጨዋታ የመሳሰለ ተራ ነገር ጽፈው እንዲያስቀምጡና ከሦስት ወር በኋላ ሲያነቡት ምን ያህል እንደሚማርካቸው እንዲገምቱ ተጠየቁ። ግምታቸው ዝቅተኛ ነበር፤ ጊዜው ደርሶ ሲያነቡት ግን ከገመቱት እጅግ በላይ ማረካቸው። ልዩ ቀኖችን ሁላችንም ፎቶግራፍ እናነሳለን። ተራውን ቀን ግን «ይህን ማን ይረሳዋል» ብለን እናልፈዋለን፣ እንረሳዋለንም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውንም አከብረዋለሁ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከዙሪያው ገጠር ለሥራ የመጡ ልጃገረዶች አሉ፤ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ጤፍ በኪሎ ይገዛሉ። ለእነሱ «በዕለት ተዕለት ሕይወት ውስጥ ውበት ፈልጉ» ብሎ መስበክ፣ በተለይ ደመወዝ ይጨመር ለሚለው ጥያቄ ምላሽ ተደርጎ ከቀረበ፣ ነውር ነው። ውበትን ማየት ዳቦን አይተካም። ነገር ግን እነዚያው ልጆች እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያች ጠባብ ክፍል ጀበና ጥደው፣ ጎን ለጎን ያሉትን ተከራዮች ጠርተው፣ ፈንድሻ ሲበትኑ ያየ ሰው፣ ውበቱን ማንም እንዳላስተማራቸው ይረዳል። የጎደላቸው ክፍያው ነው፤ ዓይኑ አላቸው። የተማረው ከተሜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚያጣው።

የኮሪደር ልማቱን በተመለከተም ውይይቱ የተዛነፈ ይመስለኛል። አንዱ ወገን መንገዱ መስፋቱንና መብራቱን ያደንቃል፣ ሌላው የፈረሰውን ቤት ያለቅሳል። የደሴ መንገድ ጠባብ ነበር፤ ለክረምቱ ጎርፍም ቦይ ያስፈልገዋል፣ ይህን የሚክድ የለም። በየደጃፉ የነበረው የድንጋይ መቀመጫ ግን በየትኛው ፕላን ላይ ተቆጥሯል? ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁባት ግንብ፣ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢል የሚያሳርፉባት ጠርዝ፣ ልጆች ብይ የሚጫወቱባት ደረቅ ቦታ ካርታ ላይ አይታዩም። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ትዝ የሚሉት እነሱ ናቸው። ከተማ የሚያቅድ ባለሙያ ነዋሪውን «ከዚህ ሰፈር ምን ትዝ ይልሃል?» ብሎ ቢጠይቅ የት ላይ አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ እንዳለበት በአንድ ቀን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን የጀበና ቡናም እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ብዙ እናቶች አይወዱትም፤ ቡና ከቤት ወጥቶ በስኒ መሸጡ፣ ዱኣ ሳይደረግበት፣ በረካው ሳይጠበቅ መጠጣቱ ያሳዝናቸዋል። ሐዘናቸው ይገባኛል። ሆኖም ሰኞ ገበያ አካባቢ በትንንሽ በርጩማ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የተቀመጡትን ወጣቶች አያለሁ፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ የእያንዳንዱን ስኳር መጠን በቃሏ ታውቃለች፣ የቀረውን ሰው «የት ጠፋ?» ብላ ትጠይቃለች፣ ሥራ ያጣውን «አብሽር» ትለዋለች። ለእነዚህ ልጆች የሰፈር ቡና ማለት ይህ ነው። አንድ ቀን ሪያድ ወይም አዲስ አበባ ሆነው ያቺ በርጩማ ትዝ ስትላቸው «ድሮ ደሴ» ብለው ይጀምራሉ። ድሮ የምንለው ሁሉ አንድ ጊዜ ዛሬ ነበር፤ ከተማዋ ራሷ እንኳ ስሟን ያገኘችው፣ እንደሚነገረው፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ባዩት ጅራታም ኮከብ ተደንቀው «ደሴ»፣ ደስታዬ፣ ስላሏት ነው።

ከዚያ የሃርቫርድ ጥናት በኋላ እኔም ትንሽ ደብተር ይዣለሁ፤ በየቀኑ ከሁለት መስመር አላልፍም፣ ትልቅ ነገርም አልጽፍበትም። ባለፈው ሳምንት ከጻፍኩት ሁለቱን እነሆ፦

ማክሰኞ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመንገዱ በታች ተኝቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አባት የጋቢያቸውን ጫፍ ጭኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስ ምንም አልተነጋገርንም።

ሐሙስ። እናቴ ዘንድ ደወልኩ። አሁን ልጅ በሌለበት ቤት ለቡና ጎረቤት የሚጠራላት ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሚስኮል አደርግላቸዋለሁ» አለችኝ፤ «አንዴ ከጠራ ቡን ደርሷል ማለት ነው፣ ሁለቴ ከጠራ ደግሞ ቆሎ ይዛችሁ ኑ ማለት ነው።»